የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ገንዘብ ከየት ገብቶ ወዴት ይወጣል?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነበር። ከብዙ ዓመት ኪራይ በኋላ ቤት ገዝቶ ቁልፉን የተረከበው በዚያው ሳምንት ነው። የእንኳን ደስ ያለህ ወጉን ከጨረስን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

‹‹ጋሼ፣ የክሎዚንግ ወረቀቱ ላይ ታይትል ኢንሹራንስ ብለው ወደ ሁለት ሺሕ ዶላር አስከፈሉኝ። ምንድነው ብዬ ሳነብ፣ እነዚህ ኩባንያዎች ከሚሰበስቡት 100 ዶላር ውስጥ ለካሳ የሚከፍሉት አምስት ዶላር ያህል ብቻ ነው ይላል። የመኪና ኢንሹራንስ እኮ ስልሳ ሰባውን መልሶ ይከፍላል! እንዲህ ያለ ሥራ ከየት ይገኛል? ለልጆቹ ትምህርት ብዬ ያስቀመጥኩት 20 ሺሕ ዶላር አለ። የአንዱን ኩባንያ አክሲዮን ልግዛበት?››

ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ሞኝ ጥያቄ አይደለም። አምስት ዶላር የሚለው ቁጥርም በመልካም ጊዜ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም በሒሳብ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ትርፍ የሚባለው የሒሳብ አስተያየት፣ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ በእጅ የሚቆጠር ሐቅ መሆኑን ነው። ስለዚህ ‹‹ለአንድ ሳምንት ታገሰኝ›› አልኩት። የሚከተለው ለእሱ የጻፍኩት መልስ ነው። አሜሪካ ቤት የገዙም ሆኑ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች፣ እንዲሁም የኩባንያ ሒሳብ ማንበብ የሚወዱ አንባቢያን ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድነው?

እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ያያል፣ ዕዳና ዕገዳ መኖር አለመኖሩን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያጣራል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈራረማል። በአሜሪካ ግን መሬት የግል ንብረት ነው። ውሎች በየካውንቲው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባሉ እንጂ፣ መዝጋቢው አካል በአብዛኛው ‹‹ባለቤቱ በእርግጥ እገሌ ነው›› ብሎ ዋስ አይሆንም። ከሰላሳ ዓመት በፊት የተፈረመ ውል ላይ ፊርማው የተጭበረበረ ሊሆን ይችላል። ያልታወቀ ወራሽ ብቅ ሊል፣ ያልተከፈለ ግብር ወይም የተረሳ የባንክ መያዣ ሊገኝ ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው በፔንሲልቬንያ ነው። በ1868 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋትሰን እና ሙርሄድ በተባሉ ሰዎች መካከል በነበረ ክርክር፣ ሰነድ መርማሪው በቅን ልቦና ለፈጸመው ስህተት ተጠያቂ አይሆንም ብሎ ወሰነ። ገዢዎች ከለላ አጡ። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1876 በፊላደልፊያ የመጀመሪያው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ።

ከሌላው ኢንሹራንስ የሚለይበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የመኪና መድን ነገ ሊመጣ ለሚችል አደጋ ሲሆን፣ ይኼኛው ትናንት ለተፈጸመና ዛሬ ላልታወቀ ጉድለት ነው። ሁለተኛ፣ አረቦኑ የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ ቤቱ በተገዛ ዕለት ነው። ዋስትናው ግን ገዢው ወይም ወራሹ ንብረቱን እስከያዘ ድረስ ይቆያል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገንዘብ ፍሰቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ይህ ኩባንያ ‹‹የሚያድስ ደንበኛ›› የለውም። ቤት ካልተሸጠ ወይም ብድር ካልታደሰ ገንዘብ አይገባም።

ሁለት ሺሑ ዶላር የት ደረሰ?

የእህቴን ልጅ ሁለት ሺሕ ዶላር እንከተላት። በዚህ ሥራ አረቦኑን በብዛት የሚሰበስቡት በየከተማው ያሉ ወኪሎች ናቸው። ሰነድ መመርመሩን፣ ማፈራረሙንና ገንዘብ ማስተላለፉን የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። ለዚህም ከአረቦኑ 80 በመቶ አካባቢ ለራሳቸው ያስቀራሉ። መጠኑ እንደየግዛቱ ይለያያል።

እንግዲህ 1,600 ዶላሩ ወኪሉ ጋ ቀረ፤ ለመድን ሰጪው ኩባንያ የሚደርሰው 400 ዶላር ነው። የካሳው አምስት በመቶ የሚሰላው ግን ከ400ው ሳይሆን ከ2,000ው ነው፤ ይኸውም 100 ዶላር። የቀረው 300 ዶላር የግዛት ግብር፣ ደመወዝ፣ ጠበቃ፣ የኮምፒዩተር ሥርዓትና የቢሮ ኪራይ ይከፈልበታል። በመጨረሻ ለምሳሌ 150 ዶላር ተረፈ ብንል፣ ከ2,000ው ሰባት ከግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ዘጠና አምስት በመቶ ትርፍ ያለው ሥራ የመሰለው ነገር እዚህ ላይ ሟሟ።

የካሳው ማነስ ምሥጢርም ይኸው ነው። የመኪና መድን ገንዘቡን የሚያወጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ ይኼኛው የሚያወጣው አደጋው እንዳይደርስ በቅድሚያ መዝገብ በማገላበጥ ነው። ወጪው ስሙን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ሒሳቡን ለሚያነብ ሰው ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ገቢ ተብሎ የሚጻፈው ሙሉው 2,000 ዶላር ነው፤ የወኪሉ 1,600 ከታች በወጪ ይጻፋል። በተጨማሪም ወኪሉ ገንዘቡን በዕለቱ ላይልክ ይችላል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ኩባንያው ግን በግምት ገቢ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ገቢ አደገ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ያደገው የራሱ ቢሮዎች የሸጡት ነው ወይስ ወኪሎች የሸጡት?›› መሆን አለበት። በራሱ ቢሮ የተሸጠ አረቦን ሙሉ በሙሉ ካዝናው ይገባል፤ ደመወዙም ኪራዩም ግን በእሱ ላይ ነው። ገበያ ሲሞቅ የሚያተርፈው፣ ሲቀዘቅዝ የሚጎዳው ይኸው ክፍል ነው።

አረቦኑ ዛሬ፣ ካሳው ነገ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኩባንያው አረቦኑን ቤቱ በተሸጠ ዕለት ገቢ ያደርጋል። ለካሳ ደግሞ ከገቢው በመቶኛ አስልቶ መጠባበቂያ ይይዛል። ይህ መጠባበቂያ በወጪነት ቢጻፍም ገና ከካዝና ያልወጣ ገንዘብ ነው። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ቀስ በቀስ ነው። አብዛኛዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመጣሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጡም አሉ።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኩባንያ በሞቀ ዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር አረቦን ሰበሰበ እንበል። በአምስት በመቶ ሒሳብ 50 ሚሊዮን ለመጠባበቂያ ያዘ። በዚያ ዓመት በእርግጥ የከፈለው ካሳ ግን 30 ሚሊዮን ነው። 20 ሚሊዮኑ ካዝናው ውስጥ አለ። ስለዚህ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ከትርፉ ይበልጣል፤ አንባቢውም ‹‹እንዴት ያለ ጤናማ ኩባንያ!›› ይላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። አረቦኑ 600 ሚሊዮን ሆነ፤ አዲሱ መጠባበቂያ 30 ሚሊዮን ነው። በሞቀው ዓመት የተሸጡት ዋስትናዎች ግን ጥያቄያቸው አሁን ደረሰ፤ የተከፈለው ካሳ 45 ሚሊዮን ነው። ትርፍና ኪሳራው ከሚያሳየው በላይ 15 ሚሊዮን ከካዝና ወጣ። ያው ኩባንያ፣ ያው አምስት በመቶ ነው፤ የገንዘቡ መልክ ግን ተገለበጠ።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከ2005 እስከ 2007 በነበረው የቤት ግዢ ግርግር በጥድፊያ የተሸጡ ዋስትናዎች፣ ቤቶች በሐራጅ መሸጥ ሲጀምሩ ጉድለታቸው ወጣ። የደንበኛ ገንዘብ ያጎደሉ ወኪሎችም ተገኙ። ካሳው የበዛው ልክ ገቢው በደረቀበት ሰዓት ነበር። ብድር ሲበላሽ ባንክ ጠበቃ ይዞ የድሮ ሰነድ ያገላብጣል፤ ጥሩ ጊዜ ላይ ግን ማንም አያገላብጥም።

የወለድ ምጣኔ ጌታ ነው

የዚህ ሥራ ዝናብ የቤት ብድር ወለድ ነው። በ2021 የአሜሪካ የሰላሳ ዓመት የቤት ብድር ወለድ ለብዙ ወራት ከሦስት በመቶ በታች ነበር። ቤት የሚገዛውም፣ የድሮ ብድሩን በርካሽ የሚተካውም ተሰለፈ። በጥቅምት 2023 ወለዱ ወደ ስምንት በመቶ ተጠጋ። በሦስት በመቶ የተበደረ ሰው ብድሩን የሚያድስበት ምክንያት አልነበረውም። ቤቱን ሸጦ በስምንት በመቶ ሌላ ቤት መግዛትም አልፈለገም።

ውጤቱን ከትልልቆቹ አንዱ በሆነው በፈርስት አሜሪካን ሒሳብ ላይ ማየት ይቻላል። ገቢው በ2021 ወደ 9.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2022 ወደ 7.6፣ በ2023 ደግሞ ወደ 6 ቢሊዮን ወረደ። የተጣራ ትርፉ በ2021 ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ነበር፤ በ2023 ከሩብ ቢሊዮን በታች ሆነ። ገቢው በሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ ትርፉ ከአራት አምስተኛ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ምክንያቱም የወኪል ድርሻ ከገቢው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ደመወዝና ኪራይ ግን አይወርዱም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2022 ከወረደው ትርፍ ብዙው በያዛቸው አክሲዮኖች ዋጋ መውረድ የተነሳ የተጻፈ ኪሳራ ነው። ይህ ዓይነቱ ኪሳራ ትርፍን ይበላል እንጂ በዓመቱ ከካዝና አያስወጣም። በዚህ ጊዜ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ከትርፉ የተሻለ እውነት ይናገራል። በተቃራኒው በአክሲዮን ዋጋ መውጣት የተገኘ ‹‹ትርፍ›› ዳቦ አይገዛም።

ወቅትም አለ። አሜሪካውያን ቤት የሚገዙት በብዛት በጸደይና በበጋ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ደካማ ነው፤ ያለፈው ዓመት ቦነስም የሚከፈለው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ የሥራ ክንውን የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የአንድ ሩብ ዓመት ቁጥር አይቶ መደንገጥም መደሰትም ስህተት ነው። ይልቅ ኩባንያዎቹ ‹‹የተከፈቱ ትዕዛዞች›› ብለው የሚያወጡትን ቁጥር ማየት ይጠቅማል። ዛሬ የተከፈተ ትዕዛዝ ከአንድና ሁለት ወር በኋላ ገንዘብ ይሆናልና።

በእጅ ያለ ሁሉ የራስ አይደለም

የእህቴ ልጅ ቤቱን ከመረከቡ በፊት ቅድመ ክፍያውን አስይዞ ነበር። ያ ገንዘብ የተቀመጠው ኢስክሮው በሚባል የአደራ ሒሳብ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በማንኛውም ቀን በቢሊዮን የሚቆጠር እንዲህ ያለ የሰው ገንዘብ ይዘው ያድራሉ። በባንክ ያስቀመጡት የአደራ ገንዘብ በአብዛኛው በሀብትና ዕዳ መግለጫቸው ላይ አይታይም። የራሳቸው ባንክ ያላቸው ደግሞ የተቀማጭ ለውጡን በፋይናንስ ክንውን ስር ያሳያሉ። ያንን ቁጥር አይቶ ‹‹ኩባንያው ይህን ያህል ገንዘብ አገኘ›› ማለት፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ ያለውን ገንዘብ አይቶ ሀብታም ነው እንደማለት ነው። ኩባንያው የሚያገኘው ከዚህ ገንዘብ የሚመጣውን ወለድ ወይም የባንክ ጥቅም ነው። ወለድ ሲወጣ ቤት መሸጡ ቢቀንስም ይህ ገቢ ያድጋል፤ በ2022ና በ2023 ጉዳቱን በከፊል ያለዘበው ይኸው ነበር።

አደራ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 2008 እንመለስ። ላንድአሜሪካ በቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አቅራቢያ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው፣ በአገሪቱ በትልቅነቱ ሦስተኛ የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ከቅርንጫፎቹ አንዱ በግብር ሕጉ አንቀጽ 1031 መሠረት የንብረት ልውውጥ ያስፈጽም ነበር። ሕጉ የሚያከራየውን ሕንፃ የሸጠ ሰው በ45 ቀን ውስጥ ሌላ ንብረት ከመረጠና በ180 ቀን ውስጥ ከገዛ የትርፍ ግብሩን ለጊዜው እንዳይከፍል ይፈቅዳል። ሆኖም በመሀሉ ገንዘቡን ሻጩ መንካት የለበትም፤ ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል።

ይህ ቅርንጫፍ ከደንበኞቹ ገንዘብ ግማሽ ያህሉን በየጊዜው በጨረታ በሚሸጡና በሚገዙ የዕዳ ሰነዶች ላይ አዋለው። ሰነዶቹ ደህና ናቸው፣ በፈለጉ ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣሉ ይባል ነበር። በየካቲት 2008 ጨረታዎቹ ገዢ አጡ። ሰነዶቹ ዋጋ ቢስ አልሆኑም፤ የሚገዛቸው ግን ጠፋ። ገበያው በመቀዝቀዙ አዲስ የሚገባው የልውውጥ ገንዘብ እየቀነሰ ሄደ፤ የድሮ ደንበኞች ደግሞ ቀናቸው ደርሶ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ኅዳር 26 ቀን 2008 ቅርንጫፉና እናት ኩባንያው ለኪሳራ ሕግ ጥበቃ አመለከቱ። ወደ 450 የሚጠጉ ደንበኞች ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተያዘባቸው። በ2009 የኪሳራ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ የኩባንያው ሀብት አካል ነው ብሎ ወሰነ። ደንበኞቹም ‹‹ገንዘቤ›› ያሉትን ይዘው ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰለፉ።

ልብ በሉ፤ የቤት ባለቤቶች የያዙት ዋስትና አልጠፋም። መድን ሰጪዎቹ ኮመንዌልዝና ሎየርስ ታይትል በታኅሣሥ 2008 ለፊደሊቲ ናሽናል ተሸጡ፤ ግዴታቸውም አብሮ ተሻገረ። ተሰባብሮ የቀረው የእናት ኩባንያው ባለአክሲዮን ነው። የእህቴ ልጅ አሁን የሚያስበው ከደንበኛነት ወደ ባለአክሲዮንነት መሻገርን ስለሆነ፣ ልዩነቱን እንዲያየው ፈለግኩ።

እናትና ልጆች

በአክሲዮን ገበያ የሚሸጠው እናት ኩባንያው ነው። ገንዘቡ ያለው ግን ልጆቹ፣ ማለትም መድን ሰጪዎቹ ዘንድ ነው። የግዛት ተቆጣጣሪዎች መድን ሰጪው ከአረቦኑ የተወሰነውን በሕግ መጠባበቂያ እንዲይዝና ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ብቻ እንዲለቅ ያዛሉ። ለእናቱ የሚያስተላልፈውም የትርፍ ድርሻ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጥቅሉ መግለጫ ላይ አንድ ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ቢታይ፣ እናቲቱ ዕዳዋን ለመክፈል የምታዘው ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ሊሆን ይችላል። በዓመታዊ ሪፖርቱ መጨረሻ አካባቢ የእናት ኩባንያው ብቻ ሒሳብ ለብቻው ይቀርባል። አብዛኛው አንባቢ እዚያ ሳይደርስ ይደክማል፤ እኔ ግን ከዚያ እጀምራለሁ።

የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ ጠቅለል አድርጌ የላክሁለት የሚከተለውን ነው።

1. ከሥራ ክንውን የተገኘውን ጥሬ ገንዘብ ከተጣራ ትርፍ ጋር አስተያይ። የአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ የሰባት ዓመት ይሁን፤ ሙቀቱም ብርዱም ይግባበት።

2. በየዓመቱ ለካሳ የተያዘውንና በእርግጥ የተከፈለውን ጎን ለጎን ጻፍ። የተከፈለው ከተያዘው መብለጥ ከጀመረ፣ ወይ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ወይ ያለፈው መጠባበቂያ አንሶ ነበር።

3. ገቢውን ከወኪልና ከራሱ ቢሮ፣ ከቤት ግዢና ከብድር ዕድሳት ለያይ።

4. የአደራ ገንዘቡን ከኩባንያው ገንዘብ ለይ፤ ኩባንያው ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለና በስንት ቀን ወደ ጥሬ ገንዘብ እንደሚለውጠው ጠይቅ።

5. የእናት ኩባንያውን ዓመታዊ ወለድና የትርፍ ድርሻ ክፍያ፣ ከልጆቿ ያለ ፈቃድ ልትቀበል ከምትችለው ጋር አወዳድር።

ልጁ ይህን ሁሉ አንብቦ ደወለና ‹‹ጋሼ፣ በአጭሩ ልግዛ ወይስ አልግዛ?›› አለኝ። እኔ ደላላ አይደለሁም፤ ሥራው መጥፎ ነውም አላልኩትም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የ2008ን ማዕበል አልፈዋል፣ በ2023 ብርድም አትርፈዋል። ነገር ግን ትልቋ ልጁ ኮሌጅ የምትገባው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚዘንበው ወለድ ሲፈቅድ እንጂ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ አይደለም። ቀን የተቆረጠለትን ገንዘብ ቀኑ በማይታወቅ ዝናብ ላይ አትጣል አልኩት። የማይቸኩልበት ሌላ ቁጠባ ሲኖረው፣ ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች ራሱ መልሶ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ቢያስብበት ይሻላል።

ትንሽ ዝም አለና ‹‹እሺ፣ የተቀመጠው ይቀመጥ። ሁለት ሺሕ ዶላር የከፈልኩበትን ወረቀትስ ምን ላድርገው?›› ሲል ጠየቀኝ። ‹‹እሱን ከቤቱ ውል ጋር አንድ ላይ አስቀምጥ፤ ከቤቱ ስትወጣም አትጣለው›› አልኩት።

ቸር እንሰንብት።